ሳይጨረስ ስለ ተመለሰ መጽሐፍ

በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ያገለገለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ምልክት አለ። ብዙ ጊዜ የተዋሱትን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አንሥቶ ሳይገልጥ ጠርዙን ብቻ ቢመለከት፥ መጀመሪያ ያሉት ገጾች በብዙ ጣት ተዳሰው ጠቍረው ያገኛቸዋል። ከዚያ በኋላ ጥቍረቱ እየሳሳ ይሄድና ከመካከሉ ወዲያ ያሉት ገጾች ከማተሚያ ቤት እንደ ወጡ ነጭ ሆነው ይታያሉ። በመዋሻው ካርድ ላይ ግን የሃያ ሰው ስም ተመዝግቧል። መጽሐፉ ሃያ ጊዜ ወጥቶ ሃያ ጊዜ ተመልሷል፤ መጨረሻውን ያየው ግን ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት ሰው ነው።

ይህ ነገር ለተመልካች ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ስለ ሰው ጠባይ ብዙ የሚያስተምር ስለ ሆነ ጥቂት ልንመረምረው ይገባል። ጥያቄው ይኸ ነው፤ አንድ ሰው የጀመረውን መጽሐፍ ሳይጨርስ ቢተው ጥፋት ነውን? ጥፋት ከሆነስ የሚበደለው ማን ነው? ደራሲው ነው፥ አንባቢው ራሱ ነው፥ ወይስ ያንኑ መጽሐፍ ተራ ይዞ የሚጠብቀው ሌላ ሰው ነው?

በዚህ ነገር ወጣቶች በሁለት ወገን ተከፍለው ይታያሉ። አንደኛው ወገን ያልጨረሰውን መጽሐፍ የሚመልሰው አንገቱን ደፍቶ ነው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ እንዳይጠይቀው ፈጥኖ ይወጣል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወርወር ያደርግና «ይህ ምን መጽሐፍ ነው!» ብሎ ይኮራል፤ መጽሐፉን በመተዉ ከደራሲው የበለጠ ዐዋቂ የሆነ ይመስለዋል። የመጀመሪያው በማያሳፍር ነገር ያፍራል፥ ሁለተኛው በማያኮራ ነገር ይኮራል። በሁለቱም ዘንድ የጐደለው ግን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መጽሐፉን ለምን እንደ ተዉት ራሳቸውን አለመጠየቃቸው ነው።

በመጀመሪያ የማፈሩ ነገር ከየት እንደ መጣ እንመልከት። በአገራችን ትምህርት ከጥንት ጀምሮ መጨረስ የተከበረ ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያን የሚማር ልጅ ፊደል ቈጥሮ፥ ፊደለ ሐዋርያ አንብቦ፥ ወደ ዳዊት ይሻገራል። ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር የደገመ ቀን ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ድግስ ይደግሳሉ፥ መምህሩን ያመሰግናሉ፤ ልጁም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዳዊት የደገመ» ተብሎ ይጠራል። በእስልምናም ትምህርት እንዲሁ ነው። ቁርኣኑን ያኸተመ ልጅ ቤተ ሰቡን ያስደስታል፥ ዱዓ ይደረግለታል። በእኛ በወሎ እነዚህ ሁለት ደስታዎች ከጥንት ጀምረው ጐን ለጐን ሲኖሩ ቆይተዋል፤ በየጁ ዳና የመሰለ የታወቀ የእስልምና ትምህርት ቦታ ሳለ፥ እዚያው አጠገብ የዜማና የቅኔ ደቀ መዝሙር ኰቸሮውን ይዞ ከደብር ወደ ደብር ይዞር ነበር። ስለዚህ የአንዱም ሆነ የሌላው ልጅ ከእናት ከአባቱ የሰማው ምክር «የጀመርከውን ፈጽም» የሚል ነው።

ይህ ምክር የተወለደበትን ዘመን ግን ማስታወስ ይገባል። ያን ጊዜ መጽሐፍ የሚዘጋጀው በብራና ነበር። ፍየል ታርዶ፥ ቆዳው ተወጥሮ፥ ተፍቆ፥ ደርቆ፥ ተሰምሮ፥ ቀለም ተበጥብጦ፥ ጸሓፊው ወራት ተቀምጦ ነው አንድ ዳዊት የሚወጣው። ከመርሳ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የመጻሕፍትና የትምህርት ማዕከል ሆኖ ስሙ የተነሣው፥ መጽሐፍ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ በሆነበት ጊዜ መጻሕፍትን አስጽፎ ስላከማቸ ነው። አንድ መጽሐፍ ብቻ በእጁ ያለው ሰው ያንን ትቶ ወዴት ይሄዳል? ስለዚህ የጥንቱ ሰው መጽሐፉን የሚጨርሰው ስለ ጽናቱ ብቻ አይደለም፤ ሌላ የሚይዘው መጽሐፍ ስላልነበረውም ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ በሉ። በብዙ የብራና መጻሕፍት ዳርቻ ላይ መጽሐፉን የሰረቀና ጽሕፈቱን የፋቀ ሰው የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ይገኛል። ሳይጨርስ የመለሰው የተወገዘ ይሁን የሚል ግን የተለመደ አይደለም። አባቶቻችን መጽሐፍ እንዲነበብ አጥብቀው ቢወዱም፥ የፈሩት አንባቢው እንዳይደክመው ሳይሆን መጽሐፉ ከሌላው አንባቢ እንዳይጠፋ ነው። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ደግሞም መጨረስን እንዲህ ያከበረው የጥንቱ ትምህርት ራሱ ሁሉም ሰው ሁሉን መጽሐፍ ይጨርስ ብሎ አላዘዘም። የመጽሐፍ ቤት ትምህርት በአራት ተከፍሎ ብሉይ፥ ሐዲስ፥ ሊቃውንትና መነኮሳት ይባላል። ደቀ መዝሙሩ ከነዚህ አንዱን መርጦ በዚያ ይመራመራል፤ አራቱንም የፈጸመ ሲገኝ «አራት ዓይና» ተብሎ በአድናቆት ይጠራል። አንዱን ብቻ የተማረውን ግን ሦስቱን ስለ ተወ ሰነፍ ብሎ የሚሰድበው የለም። ምክንያቱም ሲጀምር መርጦ ነው፤ የተወውንም እንደ ተወው ያውቃል፥ ባልተማረውም ወንበር ላይ ተቀምጦ አይፈርድም።

በወንጌልም ግንብ ለመሥራት መሠረት ጥሎ መፈጸም ስላቃተው ሰው የተነገረ ምሳሌ አለ። ብዙ ሰዎች ይህን ምሳሌ «የጀመርከውን ሁሉ ጨርስ» ለማለት ይጠቅሱታል። በደንብ ለተመለከተው ግን የምሳሌው ፍሬ ነገር ከመጀመር በፊት ተቀምጦ ኪሳራውን ማስላት ነው። መሠረቱ ከመጣሉ በፊት ቢሰላ ኖሮ ኀፍረቱ ባልመጣ ነበር።

እንግዲህ ስሌቱን እኛም እናስላ። አንድ ወጣት በ15 ዓመቱ ጀምሮ እስከ 65 ዓመቱ ድረስ በየሳምንቱ አንድ መጽሐፍ ሳያቋርጥ ቢያነብ፥ በ50 ዓመት የሚያነበው 2,600 መጽሐፍ ነው። በሥራ፥ በትዳር፥ በሕመምና በኀዘን ምክንያት ከዚህ ቍጥር ግማሹን እንኳ የሚያደርስ ሰው ጥቂት ነው። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተውን ወመዘክርን፥ ወይም በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን አንድ ጊዜ ዞሮ ያየ ሰው፥ 2,600 መጽሐፍ ከአንድ አዳራሽ ጥቂት መደርደሪያ እንደማያልፍ ይረዳል። ስለዚህ ወደድንም ጠላንም ሳናነብ የምንሞተው መጽሐፍ ከምናነበው እጅግ ይበልጣል። ምርጫ የግድ ከሆነ መተውም የግድ ነው።

ይህን በሌላም አገር ያሉ ሊቃውንት አስተውለውታል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ቤከን ከአራት መቶ ዓመት በፊት ስለ ትምህርት በጻፈው ድርሰት ላይ መጻሕፍትን እንደ ምግብ ከፋፍሎ፥ አንዳንዱ ለመቅመስ ብቻ፥ ጥቂቱ ደግሞ በሚገባ ታኝኮ ለመዋጥ እንደ ሆነ አስረድቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1580 ድርሰቶቹን ያሳተመው ፈረንሳዊው ሞንቴኝም አንዱ መጽሐፍ ሲያሰለቸው ሌላውን እንደሚያነሣ በግልጥ ጽፏል። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ስለዚህ መጽሐፍን ሳይጨርሱ መተው በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ነገር ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። መተው በራሱ ጥፋት ካልሆነ፥ መተዉን ጥሩ ወይም መጥፎ የሚያደርገው ምክንያቱ ነው። ምክንያቱን ለመለየት ከወልድያ የሚወጡትን መንገዶች እንደ ምሳሌ እንውሰድ።

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ቆቦ ለመሄድ ያሰበ መንገደኛ ተሳስቶ በመርሳ መንገድ ቢገባ፥ ሲሪንቃ ሲደርስ ስሕተቱን ቢያውቅ፥ ምን ማድረግ ይገባዋል? ቆቦ በስተ ሰሜን፥ መርሳ በስተ ደቡብ ነው። «አንድ ጊዜ ጀምሬዋለሁ» ብሎ ጕዞውን ቢቀጥል ጽኑ ሰው አይባልም፤ ሞኝ ይባላል። ጽናት ማለት በተሳሳተ መንገድ ረጅም መሄድ አይደለም። መመለሱ ጥበብ ነው።

ሌላው መንገደኛ ደግሞ ወደ ላሊበላ ለመሄድ ተነሣ እንበል። መንገዱ ትክክለኛ ነው። ነገር ግን ድልብ ሲደርስ ተራራው ከፊቱ ቆመ፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል። መንገደኛው ቀና ብሎ አየና «ይህ መንገድ አይረባም» ብሎ ተመለሰ። ወልድያም ገብቶ ለጓደኞቹ «ላሊበላ ይህን ያህል የሚወራለት አገር አይደለም» አላቸው። ይህ ሰው ላሊበላን አላየም፤ ያየው ዳገቱን ብቻ ነው። ከዳገቱ ላይ ያለውን ሰፊ ደጋ፥ ከዚያም ወዲያ በአለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት የሚያየው የወጣ ሰው ነው።

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፥ መጽሐፉን ለማጠፍ እጃችሁ በተነሣ ጊዜ ራሳችሁን የምትጠይቁት ጥያቄ ይኸው ነው። የገጠመኝ ዳገት ነው ወይስ የተሳሳተ መንገድ? ሁለቱም ያደክማሉ። የድካሙ ስሜት ግን አንዱን ከሌላው አይለይም፤ የሚለየው ማሰብ ነው።

የተሳሳተ መንገድ የሚባለው መጽሐፍ ምን ዐይነት ነው? ደራሲው የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ የጻፈው፥ አንድ ነገር ብሎ ያንኑ ሃያ ጊዜ የሚደጋግመው፥ ርእሱ አንድ ተናግሮ ውስጡ ሌላ የሆነው፥ ሰውን በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ እንድንንቅ የሚያባብለው ነው። ደግሞም መልካም ሆኖ ሳለ ለምንፈልገው ጕዳይ የማይሆን መጽሐፍ አለ፤ የሒሳብ ችግር ያለበት ልጅ የታሪክ መጽሐፍ ቢዋስ መጽሐፉ ባይበደልም መንገዱ ተሳስቷል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ያለ ኀፍረት መመለስ ይገባል።

ዳገት የሚባለው ደግሞ መጀመሪያው ከብዶ ኋላው የሚያበራ መጽሐፍ ነው። ለዚህ ከአገራችን ሁለት መጻሕፍትን እንጥቀስ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ያለው ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው። መጽሐፉ ግን የሚጀምረው በእነርሱ አይደለም፤ በማንኩሳ በሚኖሩት በበዛብህ ወላጆች በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ኑሮ ነው። ስለ ፍቅሩ ሰምቶ መጽሐፉን የተዋሰ ወጣት «ሰብለ ወንጌል የታለች?» እያለ ገጽ ይገለብጥና ይተወዋል። የወላጆቹን ስለትና ድህነት ሳያነብ ግን የልጃቸውን ኀዘን ክብደት ሊመዝነው አይችልም። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚባለው እንዲህ ባለው ነገር ነው። ይህ መጽሐፍ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬድዮ በተነበበ ጊዜ፥ ገጹ በዝቶባቸው ትተውት የነበሩ ሰዎችና ጭራሹኑ ማንበብ የማይችሉ ሁሉ ጆሯቸውን አቅንተው ሰምተውታል። እንግዲህ ችግሩ የታሪኩ አለመጣም አልነበረም፤ ታግሦ የሚያወጣቸው ሰው ሲያገኙ ዳገቱን ወጡት።

ሁለተኛው በ1962 ዓ.ም. የታተመው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ነው። ይህ መጽሐፍ በአጻጻፉ አስቸጋሪነት የታወቀ ነው። ደራሲው አንባቢውን እጁን ይዞ አይመራውም፤ ብዙ ሰዎች ሲነጋገሩ ሲከራከሩ ያሰማዋል እንጂ ማን ትክክል እንደ ሆነ አይነግረውም። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በ16 ዓመቱ ጀምሮ የተወ ልጅ ጥፋተኛ አይደለም። በ30 ዓመቱ ደግሞ ሲያነሣው፥ መጽሐፉ ሳይለወጥ እርሱ ተለውጦ ሊያገኘው ይችላል። የአንዳንድ መጽሐፍ ችግር በመጽሐፉም በአንባቢውም አይደለም፤ ጊዜው አለመድረሱ ነው። ያልበሰለ ፍሬ የቀጠፈ ሰው ዛፉን አይቈርጥም፤ ቆይቶ ይመለሳል።

ሦስተኛም ምክንያት አለ፤ ይኸውም ስንፍና ነው። ስንፍና ራሱን በስሙ አይጠራም፤ «ጊዜ የለኝም»፥ «መጽሐፉ ይሰለቻል»፥ «አሁን ዘመኑ የመጽሐፍ አይደለም» የሚል ልብስ ለብሶ ይመጣል። በእኛ ልጅነት ልጁን ከመጽሐፍ የሚነጥለው የኳስ ጩኸትና የእናት ጥሪ ነበር። ዛሬ ደግሞ የእጅ ስልክ በየደቂቃው እየተንጫጫ ይጠራዋል። ወጣቱ መጽሐፉን ትቶ ስልኩን ያነሣል፥ ከስልኩም አንዱን ወሬ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ሲመሽ ሁለት ሰዓት አንብቦ አንዲት ነገር ያልያዘ፥ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ይቀራል። ይህ ሰው መጽሐፍ አልተወም፤ የተወው ማሰብን ነው። መጽሐፍን ለሌላ መጽሐፍ መተው አንድ ነገር ነው፤ ለምንም ነገር መተው ግን ሌላ ነው።

አራተኛው ምክንያት ከሁሉ ይልቅ የተሰወረ ነው። አንዳንድ ጊዜ መጽሐፉን የምንተወው እውነት ስለ ተናገረን ነው። የሚጠጣ ሰው ስለ ሰካራም ቤት የተጻፈውን ምዕራፍ፥ ሚስቱን የሚበድል ሰው ስለ ተበደለች ሴት የተጻፈውን ገጽ ሲያገኝ እንቅልፍ ይመጣበታል። መስታወት ፊቱን ያሳየው ሰው መስታወቱን ቢያዞረው ጕድፉ አይጠፋለትም። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ድንገት ካሰለቻችሁ፥ ከመዝጋታችሁ በፊት ያሰለቻችሁን ገጽ አንድ ጊዜ መልሳችሁ አንብቡት። ምናልባት የሰለቻችሁ ሳይሆን ያመማችሁ ሊሆን ይችላል።

አሁን የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ከገዛ መጽሐፋችን የሚለይበትን ነገር እንመልከት። በገንዘቡ የገዛውን መጽሐፍ ሳያነብ የሚደረድር ሰው ራሱን ብቻ ይጐዳል፤ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ነው። የተዋሱት መጽሐፍ ግን የብዙ ሰው ነው። ህንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1931 ለቤተ መጻሕፍት አምስት ሕጎችን ሲያወጣ፥ ለእያንዳንዱ አንባቢ የሚስማማው መጽሐፍ፥ ለእያንዳንዱም መጽሐፍ የሚስማማው አንባቢ እንዳለው ከሕጎቹ መካከል አስገብቶታል። ይህን ካሰብን፥ ሳይጨርስ ቶሎ የመለሰ ሰው መጽሐፉን ወደ ትክክለኛው አንባቢ የሚያደርስ መልእክተኛ ሊሆን ይችላል።

በደለኛው እንግዲህ ሌላ ነው። መጽሐፉን ማንበብ ትቶ ሳለ፥ ነገ እጨርሰዋለሁ እያለ ከትራሱ ሥር ሦስት ወር የሚያስቀምጥ ሰው ነው። በከተሞቻችን ባሉ ትናንሽ ቤተ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ከአንድ መጽሐፍ የሚገኘው አንድ ቅጂ ነው። ያ ቅጂ ከአንዱ ትራስ ሥር ሲተኛ፥ ከመርሳ ገጠር በእግሩ መጥቶ «ወጥቷል፥ አልተመለሰም» የሚባል ሌላ ልጅ አለ። ያ ልጅ ምናልባት መጽሐፉን እስከ መጨረሻው የሚያነበው እርሱ ነበረ። አባቶቻችን በብራናው ዳር ስለ ሰረቀው ሰው የጻፉት ተግሣጽ ይህን ሰው በጥቂቱም ቢሆን ይነካዋል። መጽሐፉን ሳይጨርስ የመለሰ አይፈርበት፤ ሳያነብ ያቆየ ግን ይፈርበት።

ስለ ማፈር ከተነሣ፥ አንባቢን በማሳፈር መጽሐፍ እንዲጨርስ ማድረግ እንደማይጠቅም ልናገር። እኔ በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት መጽሐፍ ተውሶ የመለሰ ልጅ ስለ መጨረሻው ምዕራፍ ይጠየቅ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ውጤቱ ግን ብልጦቹ ልጆች መጽሐፉን ከመጨረሻው ምዕራፍ ጀምረው፥ እርሱንም ብቻ አንብበው መመለስን መልመዳቸው ነው። ግዴታው ንባብን ሳይሆን ማስመሰልን አስተማረ። ሐቀኛው ልጅ «እስከ 40ኛው ገጽ ነው የደረስኩ» ሲል ይቈጣሉት፤ አስመሳዩ ይመሰገን ነበር። ከዚህ የምንማረው፥ በንባብ ነገር ትልቁ ምግባር መጨረስ ሳይሆን እውነተኛነት መሆኑን ነው።

ወደ ዋናው ነጥብ የምንደርሰውም በዚህ ነው። መጽሐፍን መተውና በመጽሐፍ ላይ መፍረድ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ዳኛ የምስክሮችን ቃል እየሰማ ሳለ ቢደክመው ወይም ቢመሽበት ቀጠሮ መስጠት ይችላል፤ ይህ ሥልጣኑ ነው። ግማሹን ምስክር ብቻ ሰምቶ ከወንበሩ ተነሥቶ «ረትተሃል፥ ተረትተሃል» ቢል ግን ፍርድ አጓደለ። አንባቢም እንዲሁ ነው። መጽሐፉን አጥፎ «ለጊዜው ትቼዋለሁ» ያለ ቀጠሮ ሰጠ። በ40ኛው ገጽ ላይ ትቶ «ደራሲው ምንም አያውቅም» ያለ ግን ያልሰማውን ምስክር ሐሰተኛ አደረገ። ዛሬ በየሻይ ቤቱና በየስልኩ ስለ መጻሕፍት የሚሰነዘረው ብዙው ፍርድ የዚህ ዐይነት ነው። መጽሐፉን የወደደው አልጨረሰውም፤ የጠላውም አልጨረሰውም፤ ጠባቸው ግን እስከ መጨረሻው ነው።

ደግሞ ይህ ጠባይ በመጽሐፍ ላይ ብቻ አይቀርም። በ40ኛው ገጽ ላይ መፍረድ የለመደ ሰው ጎረቤቱንም በመጀመሪያው ቃሉ ይፈርድበታል፤ የአንዱን ወገን ታሪክ መግቢያ ብቻ ሰምቶ ጠላት ይለዋል። ሰውን እስከ መጨረሻው የምናዳምጥበት ትዕግሥት የሚለመደው፥ ሊቈጣን ወይም ሊያኰርፈን በማይችለው በዝምተኛው መጽሐፍ ፊት ተቀምጠን ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ግን ፈቅደው ያልተዉትን መርሳት አይገባንም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነት ወልድያ ደረሰ፤ ከተማዋና አካባቢዋም እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ በዚያ መከራ ውስጥ ቆዩ። በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፥ ፈረሱም። በ2004 ዓ.ም. ተማሪዎችን መቀበል የጀመረው ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ከዘረፋውና ከጥፋቱ አልዳነም። በዚያ ወራት በየቤቱ ገጹ እንደ ተከፈተ የቀረ መጽሐፍ ስንት ነው? የተዋሰው ልጅ ተሰዷል፤ ልጁ ቢመለስ መጽሐፉ የለም፤ መጽሐፉ ቢገኝ መመለሻው ቤተ መጻሕፍት ተሰባብሯል። እነዚህ አንባቢዎች መጽሐፉን አልተዉትም፤ ተነጠቁት እንጂ። ለእነርሱ «የጀመርከውን ጨርስ» ብሎ መገሠጽ በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። ለእነርሱ የሚገባው ምክር ሳይሆን መጽሐፍ ነው። ቤት ውስጥ ያነበበውና የማይፈልገው መጽሐፍ ያለው ሰው ሁሉ ለትምህርት ቤት ቢሰጠው፥ አንድ የተቋረጠ ንባብ ይቀጥል ይሆናል።

ይህም ለእኛ አንድ ነገር ያስተምረናል። መጽሐፍን በፈቃድ መተው መቻል ራሱ ጸጋ ነው። መጽሐፉ በእጃችን፥ መብራቱ ከላያችን፥ ሰላሙ በደጃችን ሳለ «ልቀጥል ወይስ ልተው?» ብሎ መምረጥ ለሁሉ ሰው ያልተሰጠ ነጻነት ነው። ነጻነት ደግሞ ምክንያት ይጠይቃል።

እንግዲህ በሥራ ላይ ልታውሉት የሚቻል ሦስት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፥ ለመጽሐፉ የሚገባውን ያህል ጆሮ ስጡት። ናንሲ ፐርል የተባሉት አሜሪካዊት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አንድ አንባቢ ከመተዉ በፊት 50 ገጽ ያንብብ ብለዋል፤ ዕድሜው ከ50 ያለፈ ከሆነ ግን ከ100 ላይ ዕድሜውን ቀንሶ በቀረው ገጽ ብዛት ይወስን ዘንድ ፈቅደዋል። በዚህ ሕግ መሠረት የ66 ዓመት ሽማግሌ 34 ገጽ ይበቃዋል ማለት ነው። ለእናንተ ለወጣቶች ግን ጊዜያችሁ ረጅም ስለ ሆነ 50ው ሙሉ ነው፤ መጽሐፉ ወፍራምና ብዙ የተመሰገነ ከሆነም ጥቂት ብትጨምሩለት አትጐዱም። ድልብ ላይ የሚያልቅ ሕግ ላሊበላ አያደርስምና።

ሁለተኛ፥ የተዋችሁትን መጽሐፍ ስም በደብተር ጻፉ። ያ ሞንቴኝ የተባለው ፈረንሳዊ ማስታወስ ይቸግረው ስለ ነበር፥ መጽሐፉን አንብቦ የፈጸመበትን ጊዜና ስለ መጽሐፉ ያደረበትን አሳብ ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ይጽፍ ነበር። እናንተ ግን በተዋሳችሁት መጽሐፍ ላይ አትጻፉ፤ በደብተራችሁ ላይ ርእሱን፥ የደረሳችሁበትን ገጽና የተዋችሁበትን ምክንያት በአንድ መስመር አስፍሩ። «ዳገት ነው፥ እመለሳለሁ» ወይም «መንገዱ ተሳስቷል» ወይም «ሰነፍኩ» ብላችሁ ጻፉ። ሦስተኛውን ቃል ለመጻፍ ድፍረት ያለው ወጣት ብዙ ጊዜ ሳይጽፈው መጽሐፉን መልሶ ይገልጣል።

ሦስተኛ፥ በቀኑ መልሱት፤ ስትመልሱም እውነቱን ተናገሩ። «አልጨረስኩትም፥ ከብዶኛል፥ ከዚህ የሚቀል አለን?» ብሎ የጠየቀን ወጣት መልካም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አይንቀውም፤ ከመደርደሪያው መካከል ሌላ መጽሐፍ ፈልጎ ያወጣለታል እንጂ። ሕመሙን የደበቀ መድኀኒት እንዳያገኝ፥ ያልገባውን የደበቀም መምህር አያገኝም።

በሕይወታችን የማንጨርሰው ብዙ ነገር አለ፤ መጽሐፍም ከነዚህ አንዱ ነው። የትኛውን እንደ ተውነውና ስለ ምን እንደ ተውነው ማወቅ ግን በእጃችን ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ግማሽ መጽሐፍ አንብቦም ይማራል፤ ይህን የማያውቅ ግን መቶ መጽሐፍ ቢጨርስ የቈጠረው ገጽ ብቻ ነው።